ጉድፍ የያዘው ጎረምሳ «የልጅ በሽታ ነው» ተብሎ አይታለፍ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጉድፍ (በእንግሊዝኛ ቺክንፖክስ) በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከአንዴም ሁለቴ አነበብኩት። ስሕተት አላገኘሁበትም፤ አጻጻፉም ለማንም ሰው የሚገባ ነው። ነገር ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው «ሕፃኑ» እያለ የሚናገር በመሆኑ፣ የታመመበት ልጅ ቁመቱ ከእናቱ የበለጠ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ የክፍሉን በር ዘግቶ የሚተኛ ጎረምሳ የሆነበት ወላጅ ከጽሑፉ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ልጆቼን፣ በመጀመሪያ የ6 ዓመት ሴት ልጄን፣ ቀጥሎም የ15 ዓመት ወንድሟን፣ በዚሁ በሽታ ቤት ውስጥ አስታምሜያለሁ፤ ሁለቱ ሕመሞች ከስማቸው በቀር ብዙም የማይመሳሰሉ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ሐኪም ያስረዳኝን፣ ከዚያም በኋላ ፈልጌ ያነበብኩትን፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር ለአንባቢዎቻችሁ ላካፍል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ትንሿ ልጄ ሁለት ቀን ተነጫነጨች፤ በሦስተኛው ቀን ገላዋ እንደተዥጎረጎረ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። እኔም ነገሩ በዚሁ ያበቃ መሰለኝ። ታላቅ ወንድሟ ገና በጨቅላነቱ ጉድፍ እንደወጣለት እርግጠኛ ስለነበርኩ ከእርሷ ልለየው አልደከምኩም። እርግጠኝነቴ ግን መሠረት አልነበረውም፤ ያኔ ያመመው ኩፍኝ ይሁን ጉድፍ ወይም ሌላ ሽፍታ፣ በኋላ ቤተ ዘመዱ ሲጠየቅ ሁሉም የየራሱን ተናገረ። ሽፍታ ያለበትን ሕመም ሁሉ አንዴ ኩፍኝ፣ አንዴ ጉድፍ፣ ሲብስም ፈንጣጣ እያልን ስለምናቀላቅል፣ ይህ ስሕተት የእኛ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ኩፍኝና ጉድፍ የሚመጡት ከተለያዩ ቫይረሶች ስለሆነ በአንዱ መታመም ከሌላው አያድንም። የእህቱ ሽፍታ በታየ በ15ኛው ቀን ልጄ ራሱን እንዳመመውና ወገቡን እንደሚቆረጥመው ነገረኝ፤ ትኩሳትም ነበረው። ሽፍታው ብቅ ያለው በማግስቱ ነው።

ጊዜው ከበሽታው ባሕርይ ጋር የሚገጥም ነበር። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ሽፍታው እስኪወጣ ድረስ ከ10 እስከ 21 ቀን ይፈጃል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ከዚህ በፊት ያልታመሙና ያልተከተቡ ሰዎች ከታማሚ ጋር በአንድ ቤት ሲኖሩ ከ10ሩ እስከ 9 የሚሆኑት ይያዛሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ የሚያዘው ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ሽፍታ እንደሚወጣበት ይታወቃል፤ ከታማሚው ጋር ቀንና ሌሊት አብሮ ስለሚውልና ስለሚያድር ነው ይባላል። በዚህ ላይ ዕድሜ ሲጨመርበት ሕመሙ ይከብዳል። ጉድፍ በሕፃናት ላይ ብዙውን ጊዜ ቀላል ሲሆን፣ ጉርምስና ላይ በደረሱትና በአዋቂዎች ላይ ትኩሳቱ ይበረታል፣ ሽፍታው ይበዛል፣ ሳንባ ላይ የመውረድ አደጋውም ከፍ ይላል። የሚያጨሱ ሰዎች በጉድፍ ምክንያት ለሚመጣ የሳንባ ምች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ማጨሱ ለእናቱ ባይናገር እንኳ ለሐኪሙ ለብቻው የመናገር ዕድል ሊሰጠው ይገባል።

ትልቁ ስሕተቴ በመጀመሪያው ቀን የተፈጸመ ነው። ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ደረቱና ፊቱ ላይ ሲወጡ ምን እንደሆኑ ወዲያው ስላወቅኩ፣ ማወቄን እንደ መፍትሔ ቆጠርኩት። «ጉድፍ ነው፣ በራሱ ይለቀዋል» ብዬ ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ሲያየው የነገረኝ ያላሰብኩትን ነው። አሲክሎቪር የተባለው የቫይረስ መድኃኒት ለጤነኛ ሕፃን እንደ ልማድ የማይታዘዝ ቢሆንም፣ ዕድሜው ከ12 ዓመት ለበለጠ ሰው ግን ሐኪሞች የሚያስቡበት መድኃኒት ነው፤ የሚጠቅመውም በዋናነት ሽፍታው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በሽታውን ጨርሶ አያጠፋውም፤ የሽፍታውን ብዛትና የትኩሳቱን ዕድሜ ግን ይቀንሳል። እኔ ሰዓቱን አሳልፌዋለሁ። ስለዚህ ቤታቸው ጎረምሳ ያላቸው ወላጆች የመጀመሪያዋን ውሃ የቋጠረች ሽፍታ ሲያዩ ለሐኪም በስልክ እንዲያሳውቁ እለምናለሁ። በስልክ ማለቴ በከንቱ አይደለም፤ ሳይነገር ታማሚውን ይዞ ገብቶ ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ከጎኑ የተቀመጠችውን ነፍሰ ጡር ወይም የካንሰር ታካሚ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ልጁ አስም ኖሮበት የሰውነትን የመከላከል አቅም ሊያዳክም የሚችል የስቴሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በገዛ ፈቃድ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን አይገባም።

ወደ መድኃኒት ከገባሁ ዘንድ ስለ አስፕሪን ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ከሁሉ በላይ የገፋፋኝ እርሱ ነው። ልጄ በትኩሳት ሲቃጠል ልትጠይቀው የመጣች ታላቅ እህቴ ከቦርሳዋ አስፕሪን አውጥታ፣ «እርሱ እኮ ሰውየ ሆኗል፣ የትልቅ ሰው መድኃኒት ይችላል» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም፤ እኔም ልቀበላት ምንም አልቀረኝም ነበር። ያዳነን ልጁ ክኒን መዋጥ አስጠላኝ ማለቱ ነው። ጉድፍ ወይም ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ልጅም ሆነ ጎረምሳ አስፕሪን ሲወስድ፣ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ነገር ግን ሕይወት የሚቀጥፍ፣ አንጎልንና ጉበትን በአንድ ላይ የሚጎዳ ሕመም ሊከተል ይችላል። ሕመሙ የተሰየመው ዳግላስ ራይ በተባለው አውስትራሊያዊ የሥነ ደዌ ሐኪም ስም ሲሆን፣ እርሱና ባልደረቦቹ ስለዚሁ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከአስፕሪን ጋር ያለው ግንኙነት ጎልቶ ወጥቶ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ ወዲህ ሕመሙ እጅግ ብርቅ ሆኗል፤ ብርቅ ሆኖ የሚቆየው ግን ሰው ማስጠንቀቂያውን እስካስታወሰው ድረስ ነው። በብሪታንያ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን አይሰጥም። እንግዲህ «ሰውየ ሆኗል» የሚለው አነጋገር ስለ ቁመቱ እንጂ ስለ ጉበቱ የሚናገር አይደለም። አስፕሪን በስሙ ብቻ የሚመጣም አይደለም፤ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ በራስ ምታት ክኒን ውስጥ ይገኛል፣ የእርሱ ዘመድ የሆነው ሳሊሲሌትም በአንዳንድ የሆድ መድኃኒቶች ውስጥ አለ። ስለዚህ ፋርማሲ ሲኬድ የታማሚውን ዕድሜና የበሽታውን ስም ተናግሮ መግዛት ይገባል።

አይቡፕሮፌንም ለጉድፍ አይመከርም፤ የራሱ ምክንያት አለው። ጉድፍ በያዘው ሰው ላይ ሲወሰድ በቆዳና ከቆዳ በታች ባለው ሥጋ ላይ ከሚደርስ ከባድ የባክቴሪያ ቁስለት ጋር ተያይዞ ታይቷል። ለትኩሳትና ለሕመም የሚቀረው ፓራሲታሞል ነው። እርሱም ቢሆን በዕድሜና በክብደት ልክ፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እየቆየ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ የሚሰጥ ነው። ጎረምሳ ራሱ ከመሳቢያ አውጥቶ የሚውጥ በመሆኑ፣ እናት አንድ ሰጥታ እርሱ ሌላ እንዳይደግም፣ ከዚያም ላይ ፓራሲታሞል ያለበትን የጉንፋን መድኃኒት እንዳይጨምርበት፣ የተሰጠበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም፤ የሚያስፈልገው ቁስሉ በባክቴሪያ ሲመረዝ ሲሆን ያንንም ሐኪም ይወስናል።

ማሳከኩ ከትኩሳቱ ይልቅ አድካሚ ነበር። ክትባት ያልወሰደ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 500 የሚደርስ ሽፍታ ይወጣል፤ እርሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ስለሚወጣ፣ በአንድ ቀን በአንድ ገላ ላይ ገና የቀላ፣ ውሃ የቋጠረና ቅርፊት የያዘ ሽፍታ ጎን ለጎን ይታያል። ጥፍር አሳጥሮ ቆርጦ ማለስለስ፣ ለብ ባለ ውሃ ገላን መታጠብ፣ በፎጣ ሳያሹ መታ መታ እያደረጉ ማድረቅ፣ ካላሚን የተባለውን የማሳከክ ማስታገሻ መቀባት፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ፣ ክፍሉን አለማሞቅ፤ እነዚህን ማንም ያውቃቸዋል፣ ይሠራሉም። ሌሊት እንቅልፍ ለነሳው ልጅ ሐኪም እንቅልፍ የሚያመጣ የማሳከክ ክኒን ሊያዝለት ይችላል። ለጎረምሳ ግን ሌላም ነገር ይጨመራል። ልጄ በዚያ ሰሞን ጢሙን መላጨት ጀምሮ ነበር፤ ምላጭ ውሃ በቋጠረ ሽፍታ ላይ ሲያልፍ ይቀደዋል፣ ስለዚህ ቅርፊቱ ሁሉ እስኪረግፍ ምላጩን መተው ነበረበት። ለፊቱ ብጉር ይቀባው የነበረውንም አቆመ። የዓይን መነፅርን ትቶ በዓይኑ ላይ የሚለጠፈውን ሌንስ የሚያደርግ ልጅ ቢሆን ኖሮ እርሱንም ማውለቅ ነበረበት። ሴት ልጆች ሽፍታውን በመኳኳያ ወይም በፊት ቅባት ሊሸፍኑት ይፈተናሉ፤ እርሱም ቁስሉን የሚያቆሽሽ ነው።

መስታወትን በተመለከተ የተለየ አስተያየት አለኝ። የ6 ዓመቷ ልጄ ገላዋን ያከከችው ስለበላት ብቻ ነው። የ15 ዓመቱ ግን ሳይበላውም ይነካካዋል፤ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ወይም የስልኩን ካሜራ ወደ ራሱ አዙሮ፣ አንድ በአንድ እየመረመረ ይነቅላቸዋል። ጠባሳ የሚያስቀረው በአብዛኛው ይህ ነው፤ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ ሲረግፍ ብዙውን ጊዜ ምልክት አይተውም፣ ያለጊዜው ሲነቀል ግን ይሰረጉዳል። መስታወቱን ከክፍሉ ማውጣት አስቤ ነበር፤ ስልኩን ግን መንጠቅ አልቻልኩም፣ ብችልም አላደርገውም ነበር፣ ከጓደኞቹ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ብቻ ነበርና። ይልቅስ የሚሆነውን በግልጽ ነገርኩት። «አትንካ» ስለው ያልሰማኝ ልጅ፣ ምክንያቱን ስነግረው ከግማሽ በላይ ሰማኝ።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። ሕፃንን ገላውን አጥቦ፣ ልብሱን አውልቆ፣ የትኛው ቁስል እንደቀላ ማየት ለእናት ምንም ማለት አይደለም። ጎረምሳ ግን ገላውን አያሳይም። ጉድፍ ደግሞ ፊትና ደረት ላይ ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ በአፍ ውስጥ፣ በጭንቅላት ፀጉር ውስጥ፣ በብልት አካባቢም ይወጣል። ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ እምብዛም ሳይጠጣ ሲቀር አፉን ስላመመው መስሎኝ ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ ነገር፣ ጨውና ኮምጣጣ የሌለበትን፣ እያቀረብኩ ስለምነው ነበር። እውነቱን የነገረው ለአባቱ ነው፤ ሽንቱን ሲሸና ስለሚያቃጥለው ላለመሽናት ሲል ነበር የማይጠጣው። ትኩሳት ላለበት ሰው ይህ አደገኛ ነው፤ አሲክሎቪር ለሚወስድ ሰው ደግሞ ኩላሊቱን እንዳይጎዳው በቂ ውሃ መጠጣት የግድ ነው። ከዚያ ወዲያ ከልጁ ጋር ተስማማን። እኔ ገላውን ላልመረምር፣ እርሱ ደግሞ ጠዋትና ማታ ለአባቱ ሦስት ነገር በእውነት ሊመልስ፦ ትንፋሹ ወይም ደረቱ ላይ የተለወጠ ነገር እንዳለ፣ ስንት ጊዜና ምን መልክ ያለው ሽንት እንደሸና፣ ከትናንት ይልቅ የቀላ፣ ያበጠ ወይም የሚያሞቅ ቁስል እንዳለ። አባት በቤት ከሌለ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ይሁን፤ ለሴት ልጅም እንደዚሁ የምትቀርባት ሴት ትሁን። ጥያቄው በተወሰነ ሰዓት የሚመጣና አጭር መሆኑ ልጁን እንዳልሰለቸው አስተውያለሁ።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመረጥነው በዘፈቀደ አይደለም። ሽፍታው በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳል፣ የደረት ውጋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳንባው ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ነገ እናየዋለን አይባልም። አንድ ቁስል ዙሪያው እየሰፋ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ከሚታየው በላይ እጅግ ካሳመመ ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት ይሆናል። በዚህ ላይ የአንገት መገተር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ከእንቅልፍ አልነቃ ማለት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ በሽፍታው ውስጥ የደም መቋጠር ሲታይ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። ትኩሳቱ ከ4 ቀን በላይ ከቆየም፣ ከለቀቀ በኋላ ተመልሶ ከመጣም እንዲሁ ሐኪም ይየው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚያልፈው ምልክት ነው፤ «ተሽሎት ነበር እኮ» ይባልና ይታለፋል። ጎረምሳ ቀኑን ሙሉ መተኛት ልማዱ ስለሆነ፣ ከባድ ድብታን ከተራ ስንፍና ለመለየት ቢያንስ በየጥቂት ሰዓቱ ቀስቅሶ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ሌሎችን ስለ መጠበቅም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ጉድፍ ሽፍታው ከመውጣቱ 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ይተላለፋል፤ ሁሉም ሽፍታ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስም መተላለፉ አይቆምም፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ነው። ስለዚህ ቤት መዋሉ ብቻ አይበቃም፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት አብሮት የዋለ ማን እንደነበረ ልጁን መጠየቅ ይገባል። የእኔ ልጅ ከመታመሙ አንድ ቀን በፊት ነፍሰ ጡር ከሆነችው አክስቱ ቤት ውሎ ነበርና ወዲያው ደወልንላት። እርሷ በልጅነቷ መታመሟ በደም ምርመራ ተረጋገጠላት፤ ባይሆን ኖሮ በተጋለጠች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐኪም ሊሰጣት የሚችል መከላከያ ስላለ፣ የቀኑ መቅደም ዋጋ ነበረው። በተለይ ሽፍታው እናቲቱ ላይ ከመውለዷ 5 ቀን በፊት ጀምሮ ወልዳ 2 ቀን እስኪሞላት ባለው ጊዜ ከወጣ፣ ለተወለደው ሕፃን ከባድ አደጋ ነው። ሰዎች አዘውትረው ስለ አያቶች ይጨነቃሉ፤ ከጉድፍ ታማሚ አልማዝ ባለጭራ እንደማይተላለፍ ማወቅ ጭንቀቱን ይቀንሳል። አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው ቀድሞ በታመመ ሰው ነርቭ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ያው ቫይረስ ሲነቃ ነው። የተገላቢጦሹ ግን ይሆናል፤ አልማዝ ባለጭራ ከወጣበት ሰው ቁስል ጉድፍ ይተላለፋል።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ፣ የልጄ ፈተና በአራተኛው ቀን ነበርና ጃኬት ደርቦ ሊሄድ ለመነኝ። ከፈተናው ይልቅ በክፍሉ የሚቀመጡት ልጆች ስለሚበልጡ አልፈቀድኩም፤ ትምህርት ቤቱም የሐኪም ወረቀት ሲያይ ሌላ ቀን ሰጠው። መመዘኛው የቀን ቁጥር ሳይሆን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አለመቅረቱ ነው። ቅርፊቱ እስኪረግፍ መጠበቅ አያስፈልግም።

በመጨረሻ ስለ ክትባቱ። የመጀመሪያው የጉድፍ ክትባት የተሠራው በጃፓናዊው ሚቺያኪ ታካሃሺ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ለዚህ ሥራ ያነሳሳው የገዛ ልጁ በጉድፍ ክፉኛ መታመሙ ነበር። ዕድሜው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ያልታመመ ሰው ቢያንስ 4 ሳምንት ባለው ልዩነት ሁለት ጊዜ ይከተባል። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ይኼ ነው፦ ለታማሚ የተጋለጠ ሰው በ3 ቀን፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ቢከተብ ሕመሙን ሊያስቀርለት ወይም ሊያቀልለት እንደሚችል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የእህቱ ሽፍታ በታየበት ዕለት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። «ይያዝና ይገላገል» ብለው ጎረምሶችን ከታመመ ልጅ ጋር ሆን ብለው የሚያስተኙ ወላጆች አሉ፤ በስተኋላ የሚመጣውን ማንም አስቀድሞ መለካት ስለማይችል እኔ አልስማማበትም።

ልጄ በዘጠነኛው ቀን ትምህርት ቤት ገባ። ከቅንድቡ በላይ አንዲት ትንሽ ስርጉድ ቀርታበታለች፤ መስታወት ፊት ቆሞ የነቀላት ናት። የጤና ዓምዱን የሚያዘጋጁት ባለሙያ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ጉድፍ ሲጽፉ ለጎረምሶች አንድ አንቀጽ እንዲለዩላቸው፣ አስፕሪን የሚለውንም ቃል በደማቅ ፊደል እንዲያትሙልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንዲት የጋዜጣችሁ አንባቢ